ሁለት ሆነን የጻፍነውን «የብቻዎ ነው» ላለኝ ኮሚቴ

ይድረስ ለክቡር የጦሳና ቦርከና የጤናና ቴክኖሎጂ አካዳሚ የምርምር ውጤትና ተጽዕኖ ምዘና ኮሚቴ ሰብሳቢ፤ እንዲሁም ፊርማቸው በማኅተሙ ተሸፍኖ ስማቸውን ማንበብ ላልቻልኩ የኮሚቴው አባላት በሙሉ፤

ክቡር ሆይ፣ አሰላሙ አለይኩም። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ ቢሮዎ፣ ጸሐፊዎ፣ በተለይም በዚህ ዓመት ያለ ዕረፍት የሠራው ማኅተምዎ እንዴት ከረሙ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ደሴ እንደ ልማዷ ከቀትር በኋላ ጉሟን ለብሳ ትውላለች፤ እኔም በሕንፃው ምድር ቤት፣ የመተላለፊያው መብራት ከተቃጠለ ወዲህ ሰው በስልኩ እያበራ በሚመጣበት ክፍሌ ውስጥ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅሬ እውላለሁ።

ደብዳቤው ግልጽ ነውና ለማያውቁኝ አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። ዶክተር ከሪማ ጀማሉዲን እባላለሁ፤ ሙያዬ ፓቶሎጂ ነው። ከሕመምተኛ ሰውነት ተቆርጦ የሚመጣን ቁራጭ ሥጋ በስሱ እቆርጣለሁ፣ ቀለም አስጠጣዋለሁ፣ በማይክሮስኮፕ አይቼ ካንሰር ነው ወይም አይደለም ብዬ እጽፋለሁ። ከኩታበር ይምጣ ከደጋን፣ ወደ አካዳሚያችን የሚላክ ናሙና ሁሉ የሚያልፈው በእኔ እጅ ነው፤ በሙያው ያለሁት እኔ ብቻ ነኝና።

በቅድሚያ ከልብ ላመሰግናችሁ እወዳለሁ። የደረሰኝ ውሳኔያችሁ እንደሚያስረዳው እስከ ዛሬ ያሳተምኳቸውን ጽሑፎች በሙሉ፣ ከነግርጌ ማስታወሻቸው፣ አምስት የኮሚቴ አባላት ተቀምጠው መርምረዋቸዋል። ስንት ዓመት አንድ ተጨማሪ አንባቢ ስመኝ የኖርኩ ሰው በአንድ ጊዜ አምስት አንባቢ ሲሰጠኝ ምን ያህል እንደተደሰትኩ መገመት አያቅታችሁም። እርግጥ ነው፣ ያነበባችሁት ምን እንደተጻፈ ለማወቅ ሳይሆን ማን ማንን እንደጠቀሰ ለመቁጠር ነው። ቢሆንም ለምኖ ያገኘ ሰው እህሉን አያማርጥምና አመሰግናለሁ።

የውሳኔውን ፍሬ ነገር፣ ክቡርነትዎ ከፈቀዱልኝ፣ በእኔ አማርኛ ልድገመው። የዶክተር ከሪማ ጽሑፎች ከተጠቀሱባቸው ቦታዎች አብዛኞቹ የአንድ ሰው፣ የሟቹ የዶክተር አሞጽ አራጋው ጽሑፎች ናቸው። ዶክተር ከሪማም በተራዋ እሱን ስትጠቅስ ኖራለች። በፓቶሎጂ ጽሑፎቿ ላይ የኬሚስቱ ስም አለ፣ በኬሚስትሪ ጽሑፎቹ ላይ የፓቶሎጂስቷ ስም አለ። ስለዚህ «የተቀናጀ የእርስ በርስ መጠቃቀስ» ተፈጽሟል። ሆኖም ኮሚቴው ለእኔ ካለው ርኅራኄ የተነሳ መውጫ በር አበጅቶልኛል። የሟቹ ስም በጽሑፎቼ ላይ የገባው «ለስም ያህል» እንደነበር በአንድ ገጽ አምኜ ከፈረምኩ ጽሑፎቹ የብቻዬ ሆነው ይቆጠሩና የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማዕረጌ ይጸድቃል። ካልፈረምኩ ግን ሁለታችን አብረን የጻፍነው ሁሉ ከአካዳሚው የምርምር ዝርዝር ይሰረዛል፤ የእኔም፣ የእሱም።

ከዚህ ቸርነት በኋላ ቅሬታ ማቅረብ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ነውሬን ቻሉልኝና በቁጥር ላስቀምጠው።

፩. የመጀመሪያው ቅሬታዬ ክሱ እውነት መሆኑ ነው። እሱ ጠቅሶኛል፤ እኔም ጠቅሼዋለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌላ ማን ነበረ?

ነገሩ የተጀመረው ከጦርነቱ በኋላ ነው። የክፍሌ ዕቃ ተዘርፎ በሄደ ጊዜ ቀለሙም አብሮ ሄደ። ቀለም ያልጠጣ ሥጋ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደኅናውም በሽተኛውም አንድ ዓይነት ነው። ሰው ናሙናውን ይዞ ይመጣል፣ እኔ እቀበለዋለሁ፣ ግን ማየት አልችልም። ለምኜ ያገኘኋት አንድ ጠርሙስ ልታልቅ ስትል፣ በኮምቦልቻው ክፍላችን ከፋብሪካ ፍሳሽ ላይ ቀለም የሚለቅም አፈር የሠራ የማቴሪያል ኬሚስትሪ መምህር አለ አሉኝ። ሚኒባስ ተሳፍሬ ቁልቁል ወረድኩ። አሞጽን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ከደጋን ያመጣውን የሸክላ አፈር አቃጥሎ አድቅቆታል፤ ቀለም ያለበት ውኃ ሲፈስበት ቀለሙን ይዞ ውኃውን ያሳልፋል። እኔ የጠየቅሁት ግን የያዘውን መልሶ ይለቅ እንደሆነ ነበር። ተጠቅሜ የምደፋው ቀለም ከተያዘና ከተለቀቀ እንደገና ሥራ ላይ ይውላልና። አሞጽ ዱቄቱን በጣቶቹ እያሸ «እቴ፣ እንዲይዝ እንጂ እንዲለቅ አላስተማርኩትም፤ ግን አብሽሪ፣ እንሞክረዋለን» አለኝ። ብዙ ጊዜ ሞከርነው። ብዙ ጊዜም አልሆነም። አንድ ቀን ሆነ፤ የደፋሁት ቀለም ተመልሶ መጣልኝ፣ እኔም ናሙና ማየቴን ቀጠልኩ። የመጀመሪያው የጋራ ጽሑፋችን ይኸው ነው፤ በውሳኔያችሁ ተራ ቁጥር ሦስት ላይ «አጠራጣሪ» የተባለው።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ለማስረዳት የእንግሊዝኛ ቃል የለኝም፤ የወሎ ገበሬ ግን ቃል አለው፣ ወንፈል ይለዋል። ዛሬ ያንተን ማሳ አርማለሁ፣ ነገ የኔን ታርማለህ። ከመካከላችሁ በወንፈል ታርሶ በወንፈል በታጨደ እህል ያልተማረ ካለ እጁን ያውጣ። እኔና አሞጽም እንዲሁ አደረግን። እሱ ባጣራው ውኃ ዓሣ ሲያረባ ውኃው ጎጂ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ የዓሣውን ጉበት ቆርጬ ያየሁት እኔ ነኝ። እኔ ተመልሶ በመጣ ቀለም የሠራኋቸውን ስላይዶች ከአዲሱ ጋር ሳነጻጽር የቀለሙን ጥራት የለካው እሱ ነው። የሱን ረቂቅ አነብለታለሁ፣ የኔን ያነብልኛል። ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት ረቂቆቻችንን በፌስታል ጠቅልለን በሚኒባስ እንላላክ ነበር። አንድ ሹፌር ሁልጊዜ የምልከው ምን እንደሆነ ጠይቆኝ ጽሑፍ ነው ስለው «ወላሂ፣ እስካሁን ያልተጻፈ ነገር ምን ቀርቷችሁ ነው?» ብሎ ገረመው። ኮሚቴው ሹፌሩን በምስክርነት መጥራት ከፈለገ ደሴ መናኸሪያ ያገኘዋል።

ይህ ወንፈል «ቅንጅት» ከተባለ ተቀናጅተናል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚለው አባባል በምዘና መመሪያው አለመካተቱን ግን አላወቅንም ነበር፤ ለወደፊቱ አባባሎቻችንን ለኮሚቴው እያስጸደቅን እንጠቀማለን።

፪. ሁለተኛው አጭር ነው። የመጀመሪያ ጽሑፋችንን የፓቶሎጂ ገምጋሚያችሁ ኬሚስትሪ ነው ብለው መለሱት፤ የኬሚስትሪ ገምጋሚያችሁ ደግሞ ፓቶሎጂ ነው አሉ። እንደ ሌሊት ወፍ ከወፍም ከአይጥም ሳይሆን ቀረ። የሌሊት ወፏ እንኳ እንዲህ የሆነችው ከግብር ለመሸሽ ነው ይባላል። እኛ ግን በሁለቱም በኩል ገብረን፣ በሁለቱም በኩል የላችሁም ተባልን። ሁለቱን ገምጋሚዎች በአንድ ክፍል አስቀምጦ ያነጋገራቸው ሰው አለመኖሩን ስሰማ፣ እኔና አሞጽ ካልተነጋገርን በቀር በዚህ አካዳሚ የሚነጋገር እንደሌለ ተረዳሁ።

፫. የተጽዕኖ ነጥቤ ዝቅተኛ መሆኑን በቀይ ቀለም ስላሰመራችሁልኝ አመሰግናለሁ፤ ቀለም ለማግኘት ለምትቸገር ሴት በቀይ ማስመር ትልቅ ልግስና ነው። ነጥቡን ለማሻሻል ብዬ አንድ ጥያቄ ላቅርብ። በቅርቡ ከኩታበር አንዲት እናት ውጤቷን ልትወስድ ራሷ መጣች። ጡቷ ላይ ያለው እብጠት ካንሰር እንዳልሆነ ነገርኳት። ወረቀቱን አጥፋ ጉያዋ ከተተችና «አላህ ያንቺንም ጭንቅ ያቅልልሽ» ብላ መርቃኝ ወጣች። ምርቃቱን በየትኛው ሰንጠረዥ ላስገባው? ሴትዮዋ በጆርናል ስላላሳተመችው እንደማይቆጠር አውቃለሁ፤ የምጠይቀው ቢያንስ ከነጥቤ ላይ እንዳይቀነስብኝ ነው።

ይህን ስል ጥቅስ አልፈልግም ማለቴ አይደለም፤ መዋሸት አልወድም። ሰው ዓመት ሙሉ የለፋበትን ጽሑፍ አውጥቶ አንድም ሰው ሳያነሳው ሲቀር ያማል። ከሌሎች ሰዎች ያገኘኋቸው ጥቅሶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አንዱም የተሳሳትኩ መሆኔን ለማሳየት የተጻፈ ነው፤ እሱንም ወድጄዋለሁ። ሥራዬ ሲጠቀስ ኮምፒውተሩ መልእክት ይልክልኛል። አሞጽ የጠቀሰኝ ዕለት ግን ከመልእክቱ ቀድሞ ራሱ ይደውል ነበር። «ማሻአላህ በይ እቴ፣ ዛሬ ደግሞ ተጠቀስሽልኝ!» ይለኛል፤ ጠቃሹ ራሱ መሆኑን ረስቶ። እሱ ጴንጤ፣ እኔ እስላም፤ ማሻአላህ ማለት ያለብኝን ቀን የሚያስታውሰኝ ግን እሱ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ኮምቦልቻ ስወርድ ምሳ የምበላው ከእሱና ከባለቤቱ ከተናኘ ጋር ነበር። ተናኘ እኔ በምመጣበት ቀን ሥጋ አትሠራም፤ የክርስቲያን ሥጋ እንደማልበላ ስለምታውቅ በእኔ ምክንያት ቤቱ በሙሉ ሐሙስን ይጾም ነበር። አሞጽ «ከረቡዕና ከዓርብ ጾም የወጣሁት ለሐሙስ ነው ወይ?» እያለ ይስቅባታል። የተጽዕኖ ምዘናችሁ ተጽዕኖ የሚለው ምን እንደሆነ አላውቅም እንጂ እኔ በዚያ ቤት ላይ ነበረኝ፤ እነሱም በእኔ ላይ።

፬. አራተኛውን ለመጻፍ ስጀምር ሁለት ጊዜ ትቼ ተነስቻለሁ። አሞጽ በተቀበረ በሁለተኛው ወር ስሙና የጽሑፎቹ ዝርዝር ከአካዳሚው ድረ ገጽ ወርዷል። ምክንያቱን ስጠይቅ «በሥራ ገበታው ላይ ስለማይገኝ» ተባልኩ። ለመልሱ ፍጥነት አመሰግናለሁ። በሥራ ገበታው ላይ ያልተገኘበትን ምክንያት ግን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፣ ላስረዳ።

አንገቱ ሥር እብጠት ወጣበት። ሐኪሙ ቆርጦ ናሙናውን ላከው። ከኮምቦልቻ የሚወጣ ናሙና ወዴት ይሄዳል? ወደ እኔ። በስሱ ቆረጥኩት፤ እሱ ራሱ ባስመለሰልኝ ቀለም ነከርኩት፤ አየሁት። ያየሁትን ማመን ስላልፈለግሁ ሁለተኛ የሚያይልኝ ሰው ፈለግሁ፤ እንዳልኳችሁ በሙያው ሁለተኛ ሰው የለንም። ፎቶውን አዲስ አበባ ላሉ ባልደረቦች ላክሁ። መልሳቸውን እየጠበቅሁ ሳለ አሞጽ ደወለ፤ ስለ እብጠቱ አልጠየቀም። «ቀለሙስ እንዴት ነው፣ በደንብ ጠጣልሽ?» አለኝ። ጠጥቷል አልኩት። ከድምፄ ገባው መሰለኝ። «በይ አብሽሪ» ያለኝ እሱ ነው፤ እኔን ያጽናናኝ በሽተኛው ነው። አዲስ አበቦቹም ያየሁትን አዩ። ዓመት ሳይሞላ ኮምቦልቻ ቀበርነው።

ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ነኝ፤ ይህን በጌጥ መሸፈን አልፈልግም። የሥራ ባልደረባ የለህም ማለት ምሳ አብሮህ የሚበላ የለም ማለት ብቻ አይደለም። አንድ የሚገርም ነገር በማይክሮስኮፕ አይቼ ቀና ስል የምነግረው ሰው የለም። ረቂቅ እጽፋለሁ፣ የት ቦታ እንደተሳሳትኩ የሚነግረኝ የለም፤ ስለዚህ ተሳስቼም ይሁን ልክ ሆኜ ሳላውቅ እውላለሁ። ሐሙስ ሲመጣ ሚኒባስ ተራው ድረስ ሄጄ የተመለስኩበት ቀን አለ። ብቻውን የሮጠ ይቀድማል ይባላል፤ እኔም ኮሚቴው በሰጠኝ ዕድል ብቻዬን ሮጬ ተባባሪ ፕሮፌሰር ልሆን ነው ማለት ነው።

አሁን ፈርሚ ወዳላችሁኝ አንድ ገጽ ልመለስ። በወንፈል ሕግ፣ ባለተራው ቢሞት ወንፈሉ ቀረ አይባልም። የሟቹ ማሳ በተራው ቀን ይታረምለታል፤ ሚስቱ ደጅ ላይ ቆማ ስታይ ጎረቤቶች ገብተው ሥራቸውን ሠርተው ይወጣሉ። አሞጽ ሲሞት ተራው የሱ ነበር። ያልጨረሰው ጽሑፍ ነበረው፤ ተመልሶ የሚመጣው ቀለም ስንት ጊዜ ቢደጋገም ጥራቱን እንደሚያጣ የሚመረምር ነው። ተናኘ ኮምፒውተሩን አምጥታ ሰጠችኝ። እኔ ኬሚስት አይደለሁም፤ ግማሹን ለመረዳት እንደ ተማሪ ከመጀመሪያው ማጥናት ነበረብኝ። ጨርሼዋለሁ። ስሙ ፊት ነው፣ ስሜ ኋላ። ልኬዋለሁ፤ መጽሔቱም ተቀብሎታል።

እናንተ ግን በማሳው ላይ ቆሜ ይህ ሰው አንድ ቀን አርሞልኝ አያውቅም ብዬ እንድፈርም ጠየቃችሁኝ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ብለው የሚምሉ ሰዎች ባሉበት አገር ሙት መውቀስን የዕድገት መስፈርት ያደረገ ተቋም ከእኛ በቀር ያለ አይመስለኝም፤ በዚህ ረገድ አካዳሚያችን ግንባር ቀደም ነውና እንኳን ደስ ያላችሁ።

ስለዚህ፣ ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣ አልፈርምም። ማዕረጉን እንደምፈልገው አልክድም፤ ዕድሜዬ እየሄደ ነው፣ ከእኔ በኋላ የተቀጠሩት ሁሉ አልፈውኛል፣ ልጆቼም እናታችን መቼ ነው ፕሮፌሰር የምትሆነው ማለት ትተዋል። ግን አብሮኝ የሠራው ሰው አለ፤ እሱ አልሠራም ብዬ የማገኘው ማዕረግ ስሜ ፊት ሲጠራ በሰማሁ ቁጥር አፍራለሁ። ከዝርዝሩ መሰረዝ ካለባቸው ሁለቱንም ስሞች አብራችሁ ሰርዙ። ተለያይተን እንድንቆጠር አልፈቅድም። የእሱን ድርሻ የሚከራከርለት ከእኔ ሌላ ሰው የለም፤ እሱ አይናገርም፣ ተናኘም ስለ ጥቅስ ቁጥር ምን ብላ ትከራከራለች?

ጊዜያችሁን በመውሰዴ ከልብ አዝናለሁ፤ አውፍ በሉኝ። ይህ ደብዳቤ በየትኛውም መጽሔት ስላልታተመ በማንም እንደማይጠቀስና የማንንም ነጥብ ከፍም ዝቅም እንደማያደርግ በማረጋገጥ፣ ለማኅተምዎ ዕረፍትን፣ ለብዕርዎ ጥንካሬን፣ ለክቡርነትዎም በምንም ምክንያት ወደ ምድር ቤታችን መውረድ የማያስፈልግዎ ረጅም ዕድሜና ሙሉ ጤና እመኛለሁ።

ከማይለካ አክብሮት ጋር፣
ዶክተር ከሪማ ጀማሉዲን፣ ረዳት ፕሮፌሰር (እስከ ጡረታ)
ደሴ

ግልባጭ፦
ለፓቶሎጂ ገምጋሚ፣ ኬሚስትሪ ስለሆነ ሳያነቡት ለኬሚስትሪ ገምጋሚ እንዲያስተላልፉ፤
ለኬሚስትሪ ገምጋሚ፣ በመጣበት እንዲመልሱ።

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ተናኘ ከኮምቦልቻ ደወለች። ኮሚቴው ለዶክተር አሞጽ አራጋው፣ በሙሉ ስማቸውና ማዕረጋቸው፣ በቤት አድራሻቸው የጥሪ ደብዳቤ ልኳል፤ በጽሑፎቹ ላይ ስላላቸው ድርሻ ማብራሪያ ለመስጠት በመጪው ማክሰኞ በሦስት ሰዓት በአካል እንዲቀርቡ፣ ካልቀረቡም በሌሉበት እንደሚወሰንባቸው ይገልጻል። ተናኘ በስልክ እያነበበችልኝ መሐል ላይ አቆመችና «እቴ ከሪማ፣ እንዴት ነው ነገሩ? ይመጣል ብለው ነው?» አለችኝ። መልሱን እናንተ ታውቁ እንደሆነ ደውሉላት። ለእኔ የተላከልኝ ጥሪም ለዚያው ማክሰኞ፣ ለዚያው ሰዓት ነው። እሱ መቅረብ አይችልም። እኔም ያለ እሱ አልቀርብም።